ከበሩ ጀርባ የቆመው ስፖንጅ

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን አልረሳውም። ሲስተር ባሌን በጎኑ አዙራ ድንገት ዝም ስትል፣ እሷ ያየችውን ላለማየት ዓይኔን ያሸሸሁት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰዓት ነበር።

«ምነው?» አላት ባሌ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደዞረ። «ዝም ያለች ነርስ አልወድም። ዝም የምትል ሴት እንደሆነ አንዲቱ ትበቃኛለች።»

«እርስዎም ትንሽ ዝም ቢሉ ምን አለበት፣ አለቃ?» አለችውና እኔን በዓይኗ ጠራችኝ።

ከወገቡ በታች፣ መቀመጫው ከሚጀምርበት አጥንት ላይ፣ የኮት ቁልፍ የምታህል ክብ ምልክት ወጥታለች። ጠርዟ ቀይ ነው፤ መሃሏ ወደ ጥቁረት ያደላል። ሲስተር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀቻት። ጤነኛ ቆዳ ሲጫኑት ነጣ ብሎ ይመለሳል። ይህቺ አልነጣችም።

«መቼ ወጣች?»

«ትናንት አልነበረችም።»

«ትናንትም ነበረች» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያላየናት እኛ ነን።»

ባሌ ግን ምንም አልተሰማውም። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከወደቀ ቀን ጀምሮ የእሱ አልነበረም።

ባሌ ፍራሽ ሰሪ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «አለቃ» ነው የሚለው። የሚያዘው ሰው ግን ታናሽ ወንድሙና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ ጨርቁን እሰፋለሁ፤ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ፣ ጥጡን በበትር እየመታ ያፍታታል፤ ባሌ ይሞላና ይቋጥራል። የፍራሽ ነገር ያለው ቋጠሮው ላይ ነው። ረጅሙን ወስፌ ከላይ እስከ ታች ይሰድዳል፣ ሲባጎውን መልሶ ይስብና በትንሽ የቆዳ ቁራጭ ላይ ያስረዋል። ያ ቋጠሮ ነው ጥጡን እንዳይሸሽ የሚይዘው። ቋጠሮው የላላ ፍራሽ ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽማግሌ ጉንጭ ይሰረጉዳል። እሱ የሰራው ሰውን ከነልጆቹ ያስተኛል። ይህንን ሲናገር ደረቱ ይነፋ ነበር፤ መነፋትም ያምርበት ነበር።

የወደቀው ለአዲስ ተጋቢዎች የሰራውን ፍራሽ መኪና ጣራ ላይ ሲያስር ነው። ገመዱን ሊያጠብቅ ወደ ኋላ ሲስብ እግሩ ከዳው። ጀርባው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አረፈ። ፍራሹ ንቅንቅ አላለም። ሆስፒታል ተኝቶ ለመጣው ሰው ሁሉ «ቋጠሮዬ አልተፈታም፤ የተፈታሁት እኔ ነኝ» እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ሲስቅ ሰው ያለቅሳል።

ወደ ቤት ሲመልሱት አንድ ሰማያዊ ስፖንጅ አብረው ሰጡን። ለስላሳ ነው፤ በመዳፍ ሲጫኑት ይገባና እያመነታ ይመለሳል። አልጋው ላይ ሊያስተኙት ሲያነጥፉት ባሌ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ ጮኸ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መኝታህ ነዋ» አልኩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አስተኝቼ፣ እኔ በዕቃ ማጠቢያ ልተኛ?»

ነገሩ ሌላም ሥር ነበረው። ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ስፖንጅ ሱቅ ተከፍቶ ነበር። ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ስፖንጅ እስከ ጣራው ይቆለላል። ሰው አንዱን አንከባሎ በብብቱ ይዞ ይሄዳል፤ ጥጥ መምታት የለ፣ መቋጠር የለ። ባሌ ያንን ሱቅ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። በዚያ በኩል ባለው ጠርዝም አይሄድም። «ለማስነጠስ እንኳ ወደዚያ አልዞርም» ይል ነበር።

እናም ስፖንጁ ተጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ቆመ። በሳምንቱ ዋርሳዬ አዲስ ጥጥ፣ አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ ሲባጎ ይዞ መጣ። ባሌ ከጊዜያዊ መኝታው ላይ ሆኖ ያዛል። ወንድሙ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ይወጋል፣ ይስባል።

«ሳበው እንጂ! ክንድህ እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?»

«ስቤዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«የሙሽሪት እጅ እንደያዘ ሰው ነው የሳብከው። እንደገና! መሃሉን አጥብቅ፤ የምተኛው መሃሉ ላይ ነው።»

ዋርሳዬ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ጉልበቱን ፍራሹ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ መሃሉን አጠበቀው። ሲያልቅ ባሌ እጁን ዘርግቶ እንደ በር አንኳኳው። ድምፁ ደስ አለው። ጎረቤት እየገባ አየለት። «የሙሽራ ፍራሽ እኮ ነው» አሉት። ያን ቀን ሾርባውን ሳላባብለው ጨረሰ።

ይህንን ሁሉ ለሲስተር አልነገርናትም ነበር። ያን ማክሰኞ ግን ዓይኗ ከቁስሉ ወደ ፍራሹ፣ ከፍራሹ ወደ ክፍሉ ዞረ።

«ስፖንጁ የት ገባ?»

እኔ ወደ በሩ አየሁ። ባሌ ቀደመኝ።

«ሲስተር፣ ስለ መርፌ እዘዢኝ፤ ቂጤን ገልጬ እሰጥሻለሁ። ስለ ፍራሽ ግን እኔን አታስተምሪኝ።»

«ይህቺ ነገር ከሰፋች ውስጥ ውስጡን ነው የምትሄደው» አለችው። «አጥንት ከነካች ደም ትመርዛለች። እግርዎን እንደተዉት፣ ይህችን አልተሰማኝም ብለው አይተዋት። የማይሰማዎት መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ።»

«አልፈራም።»

«እኔ ግን እፈራለሁ። ጡረታዬ ደርሷል፤ የመጨረሻ የምቀብረው በሽተኛ እርስዎ እንዲሆኑ አልፈልግም።»

እንደዚህ ነበሩ ሁለቱ። እኔ በመሃላቸው ቆሜ ሳህን እይዛለሁ።

ስትወጣ ተከትያት እስከ ደጅ ሄድኩ። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ጠየቀችኝ፤ «ስታጥቢው ምን ታስቢያለሽ?»

«ምን አስባለሁ? ወተቱ እንዳይገነፍል። ሱቁ እንደተዘጋ። ልብሱ ሳይደርቅ ዝናብ እንዳይመጣ።»

«እጅሽ እሱ ላይ አለ፤ አንቺ ግን የለሽም።»

ተናደድኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ አልጋ አጠገብ የማልጠፋ ሴት ነኝ። ፊቴን አየችና ክንዴን ያዘችኝ።

«እየወቀስኩሽ አይደለም። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የሰራሁት። ከማዞርሽ በፊት መዳፍሽን አሳርፊበት፤ ምንም አታድርጊ። አንዴ እስኪተነፍስ ጠብቂ። ከዚያ እዪ። የምትፈሪውን ሳይሆን ያለውን እዪ። ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ የማይቸኩል ሰው ነው የሚያየው።»

በየሁለት ሰዓቱ አዞረው ጀመር። መዳፌን ጀርባው ላይ አሳርፌ እስኪተነፍስ እጠብቃለሁ። ቀላል ይመስላል። ልቤ ግን ገመዷን እንደበጠሰች ፍየል ናት፤ አንዴ ሱቅ፣ አንዴ ገበያ፣ አንዴ ደግሞ እሱ የሌለበት ባዶ ክፍል ውስጥ አገኛታለሁ። ጎትቼ እመልሳታለሁ። ደግማ ትሄዳለች። ባሌ መቆሜን አይቶ ያሾፋል።

«ሲስተር ሚስቴን መነኩሲት አደረገችብኝ! ምን እያጉተመተምሽ ነው?»

«እስክትተነፍስ እየጠበቅኩ ነው።»

«ይኸው ተነፈስኩ። ደሞ ጸበል ልትረጪኝ ነው?»

ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ያላየሁትን ማየት ጀመርኩ። ከትከሻው በታች፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች። ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው፤ አላውቃትም ነበር። ጠየቅኩት። ልጅ ሳለ የአባቱ ወስፌ እንደወጋው ነገረኝ፤ አባቱ ደንግጦ ሲያለቅስ እሱ አባቱን እንዳባበለ። ዝምታው ሁሉ አንድ እንዳልሆነም አወቅሁ። የቁጣ ዝምታው ትከሻው ላይ ይገተራል፤ የፍርሃት ዝምታው ሆዱ ላይ ነው። ፈርቶ እንደሚያድር ከመዳፌ ሥር ነው የሰማሁት፤ በአፉ አንድም ቀን አላለውም።

ቁስሉ ግን አልጠበቀንም። እሑድ ዕለት ቆዳው ተከፈተ። ሽታ መጣ። ሽታው ሲመጣ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ይጠፋል።

ሰኞ ጠዋት አንሶላ ልቀይር ዋርሳዬን ጠራሁት። ሁለታችን ባሌን አንስተን ወለሉ ላይ ባነጠፍኩት ብርድ ልብስ ላይ በጎኑ አስተኛነው፤ ዋርሳዬ ወደ ሱቁ ተመለሰ። አጥቤው ጨርሼ አዲሱን አንሶላ ስዘረጋ እጄ ከልምድ ፍራሹ ላይ አረፈ። የሰው ጀርባ መስሎኝ ነው መሰል፣ ቆምኩ፤ ጠበቅኩ። ከመዳፌ ሥር አንድ ጠጣር ነገር ነበር። መሃል ላይ ያለው ቋጠሮ ነው። እንደ ኮክ ፍሬ ደርቋል።

ያንን ቋጠሮ ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁ! ጌጥ ነበር የሚመስለኝ።

ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ፤ እሱ በሚተኛበት ጎድጓዳ ውስጥ ተንጋለልኩ።

«አንቺ ሴት!» አለ ከወለሉ። «እኔን መሬት ጥለሽ አንቺ የሙሽራ ፍራሽ ላይ?»

«ዝም በል፤ ልተኛ ነው።»

«ደከመሽ?»

«እንዳንተ ልተኛ ነው። ሳልንቀሳቀስ።»

 እኔም ከወገቤ በታች ያለው የኔ አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መጀመሪያ ምንም የለም፤ እንዲያውም ይመቻል። ቆይቶ ሞቅ ይላል። ቆይቶ ያሳክካል። ሰው በተኛበት ሳያውቀው ስንቴ እንደሚንቀሳቀስ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እግሬ በራሱ ፈቃድ ሊሸሽ ሲል ያዝኩት፣ ወገቤ ሊዞር ሲል ያዝኩት። ከውጭ መኪና ያልፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ማድጋ የሚያስቀምጥ ሰው ድምፅ ይሰማል። እኔ ያለሁት ቋጠሮው ላይ ብቻ ነው። ማቃጠል ጀመረ። እንደ ከሰል ሆነ። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ፤ በመጨረሻ አልቻልኩም፣ ዞርኩ። ስዞር እንባዬ መጣ። ለእኔ መዞር አለልኝ።

«የትኛው ነው?» አለ ባሌ። ድምፁ የሥራ ድምፁ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ የሚያወራበት።

«የመሃሉ።»

«ከራስጌ ስትቆጥሪ?»

«አትጠይቀኝ፤ የመሃሉ ነው። አጥብቅ ያልከው።»

 ትከሻውን አየሁት፤ አልተገተረም። ሆዱ ነው የተንቀጠቀጠው።

«መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው» አለ። «ከሥሩ ቁረጪው። ሲባጎውን አትጎትቺ፤ ጨርቁ ይቀደዳል።»

ቆረጥኩት። የተወጠረ ሲባጎ ሲቆረጥ ድምፅ አለው፤ እንደ ክራር ጅማት። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

«የጎኖቹንም» አለ።

ቆረጥኩ።

«ሁሉንም በቃ። አንዱ ከተቆረጠ ፍራሽ አይደለም፤ ጆንያ ነው።»

ሁሉንም ቆረጥኩ። የቆዳዎቹ ቁራጮች ወለሉ ላይ ተበተኑ። ፍራሹ እየተነፈሰ ተነሳ፣ አበጠ፣ ቅርፁ ጠፋ። ጎትቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ሄጄ ስፖንጁን አመጣሁ። ባሌ ጠላቱ ቤቱ ሲገባ እንደሚያይ ሰው ወደ ሌላ በኩል አየ።

ጎረቤት ጠርቼ አልጋው ላይ መለስነው። «ይመቻል?» አልኩት።

«እኔ ምኑን አውቄ! አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

አጠገቡ ተጋደምኩ። «ይመቻል» አልኩት።

«የዕቃ ማጠቢያ» አለ። ትንሽ ቆይቶ እጄን ያዘው።

ሲመሽ ዋርሳዬ ዳቦ ይዞ ገባ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ፍራሽ አየ። ወለሉ ላይ ያልጠረግኳቸውን የቆዳ ቁራጮች አየ። አንዷን አነሳና በጣቶቹ መሃል አሻት። ማን ምን እንዳለ ሳይጠይቅ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም። በማግሥቱ ማግሥትም አልመጣም።

ትኩሳቱ በዚያው ሳምንት ገባ። ሐኪም መጣ፤ ቁስሉን አየ፤ ሲስተርን ወደ ደጅ ጠርቶ አዋራት። ስትመለስ ለባሌ እንዳለ ነገረችው፤ ሳታለሰልስ፣ ሳታስፈራራ።

«አጥንት ነክቷል። ሆስፒታል ቢተኙም የሚሰጥዎት መድኃኒት እዚህ የምወጋዎት ነው። ሊሰራ ይችላል፤ ላይሰራም ይችላል።»

«እዚሁ ውጊኝ» አላት። «ቢያንስ እዚህ የማውቀው ሰው ይሸተኛል።»

ስትወጣ ወደ እኔ ዞረ። «ያ ልጅ የት ጠፋ?»

ያ ልጅ የሚለው ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ወንድሙን ነው።

«ሥራ ይዞት ይሆናል።»

«አትዋሺ። እሱን ሳላየው እንዳልሄድ። ገባሽ? እሱ ይህንን ተሸክሞ እንዳይቀር።»

ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው እሱን ብቻ ነበር፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ያነሳል። ለእኔ ግን ዋርሳዬን መጥራት ሞት ሆነብኝ። በውስጤ እየተንተከተከ ነበር። ቋጠሮውን ያሰረ እጁ ነው፤ ሽታው ሲመጣ የሸሸው እግሩ ነው፤ ብቻዬን የማዞረው እኔ ነኝ። ልብሴን ቀይሬ ወደ ሱቁ ስሄድ መንገዱን ሁሉ ስድቤን እየደረደርኩ ነበር። «የእናትህ ልጅ ሲሞት ጥጥ ትመታለህ?» እለዋለሁ። ደግሜ ደግሜ ተለማመድኩት፤ የመጀመሪያዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዋርሳዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ ብሎ ጥጥ እያፍታታ ነው። በትሩን ሲያነሳ ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ወገቡ ላይ፣ ከአጥንቱ ትይዩ፣ ክብ ክብ የሆኑ ምልክቶች ነበሩ፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አንዷ ጥቁር። አወቅኳቸው። እንዳላውቃቸው የሚያደርገኝ ነገር አልነበረም።

ጥግ ላይ አንድ ሳንቃ ተነጥፏል። ሳንቃው ላይ ብርድ ልብስ፤ ከብርድ ልብሱ ሥር በሲባጎ የታሰሩ የቆዳ ቋጠሮዎች ተደርድረዋል።

ምላሴ ላይ የነበረው ስድብ የት እንደገባ አላውቅም። ሄጄ መዳፌን ወገቡ ላይ አሳረፍኩ። ደነገጠ፤ አልዞረም። አንዴ እስኪተነፍስ ጠበቅኩ። ሁለት ጊዜ ሊተነፍስ ሞክሮ አቃተው። በሦስተኛው ወጣለት። እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ፤ በትሩ ከእጁ ወደቀ።

«ተዪኝ፣ እትዬ» አለኝ። «እንዴት እንደሆነ ልወቀው። እሱ አይሰማውም፤ እኔ እንኳ ይሰማኝ።»

«እኔ ተኝቼ አውቄዋለሁ» አልኩት። «አንድ ሰው ካወቀው ይበቃል።»

«እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«ና። ይጠራሃል።»

ሳንቃውን በብብቱ ይዞ ተከተለኝ። ለምን እንደያዘው አልጠየቅኩትም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ባሌ ሲያየው አንገቱን አነሳ። ትኩሳቱ ጉንጩን አጎድጉዶት ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። «አንተ ሌባ» አለው። «ሱቄን ወርሰህ ልትቀር?»

ዋርሳዬ ሳንቃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀረበ። የሚዞርበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ በአንዱ በኩል እኔ፣ በአንዱ በኩል እሱ ቆምን። ጎንበስ ሲል «እህ» አለ፤ አንዲት ትንሽ ድምፅ ናት፤ ሌላ ሰው አይሰማትም። ባሌ ግን ሰማ።

«ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«ዙር። ሸሚዝህን አንሳ።»

ዋርሳዬ ወደ እኔ አየ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ዞሮ ሸሚዙን አነሳ። ባሌ ጊዜ ወስዶ አየ፤ ሰው ያመጣለትን ያረጀ ፍራሽ እንደሚመረምረው።

«የማን ቋጠሮ ነው?»

«የኔ።»

«ያስታውቃል። አንዱ ከአንዱ አይገጥምም።»

ዋርሳዬ ሳቀ ይሁን አለቀሰ አልገባኝም። ባሌም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«አጥብቅ ያለህ ማነው?»

«አንተ።»

«ስፖንጁን ከበሩ ጀርባ ያስቆመው ማነው?»

«አንተ።»

«እንግዲያው የኔን ነገር ለምን ትሰርቀኛለህ? ለዚህ ቤት አንድ ቁስል ይበቃዋል። ይህችም ሴት ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት፤ አንተን ደግሞ ማን ያገላብጥህ?» ትንፋሹን ሰብስቦ ሳንቃውን በአገጩ አመለከተ። «ያን ፍለጠው። ውሃ ይሙቅበት። ዛሬ አንተ ነህ የምታጥበኝ።»

ዋርሳዬ ሳንቃውን ደጅ ላይ ፈለጠው። ቋጠሮዎቹ ከነቆዳቸው እሳት ውስጥ ገቡ። ውሃው ሲሞቅ ክርኑን ነክሮ ሙቀቱን ለካ፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ጨርቅ ነክሮ እጁን በጥድፊያ ወደ ወንድሙ ጀርባ ሰደደ።

«አትቸኩል» አልኩት። «መጀመሪያ አሳርፈው ብቻ።»

አሳረፈ። ቁስሉን ሲያይ ፊቱን አላዞረም። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ያ የቀድሞ ሥራዬ። ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ «እጅህ እንደ አባባ እጅ ነው» አለው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ስለ ቋጠሮ አላወራንም።

መድኃኒቱ አልሰራም። ሲስተር መምጣቷን አላቋረጠችም፤ በመጨረሻ መርፌ ሳትይዝ ትመጣና ወንበር ስባ ትቀመጥ ነበር። ባሌ ቃል ሲያጥረው በቅንድቡ ያሾፍባታል። እሷም «ዝም ብለው ያምርብዎታል» ትለዋለች።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የአልጋውን እግር አልፋለች። የማዞሪያ ሰዓቱ ደረሰ። ዋርሳዬ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፤ እሱ መዳፉን ትከሻው ላይ፣ እኔ መዳፌን ጀርባው ላይ አሳረፍን። እንደ ልማዳችን አንዴ እስኪተነፍስ ጠበቅን።

ጠበቅን። ውጭ ሰው ሲስቅ ተሰማ። አንድ ዝንብ አንሶላው ላይ አርፋ ተነሳች። ዋርሳዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። እጃችንን አላነሳንም። ከመዳፌ ሥር ያለው ሙቀት የእሱ ነው ወይስ የኔ፣ መለየት እስኪያቅተኝ ቆየሁ። ልቤ ያን ጊዜ የትም አልሄደችም። ብትሄድ ኖሮ እወድ ነበር።

ሲስተር ስትገባ እንደዚያው ቆመን አገኘችን። እሷ ናት እጃችንን አንድ በአንድ ያነሳችልን።

ግድግዳው ላይ ተደግፎ የከረመውን ፍራሽ ፈትቼ ጥጡን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ትራስ ሆነ። ጨርቁን እስካሁን አልነካሁትም። ስፖንጁን አጥቤ ለሲስተር መለስኩላት፤ ሌላ ሰው ጋ ሄዷል።

ሱቁን ዋርሳዬ ይዞታል። እኔ አሁንም ጨርቅ እሰፋለሁ። የእሱ ቋጠሮ ጥብቅና ጠንካራ ነው፤ ሰው ያመሰግነዋል። ፍራሽ ሊያዝ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚተኛበት ማን እንደሆነ ነው። «እናቴ ታማብኝ» ወይም «አባቴ መነሳት አቅቶት» ካለ፣ ዋርሳዬ ወስፌውን አስቀምጦ ይነሳል፤ ሰውየውን ክንዱን ይዞ መንገዱን ያሻግርና ስፖንጅ ሱቁ በር ላይ አድርሶት ይመለሳል።